ስትሮክ የነሣው እንቅልፍ

በዓለም ከተማ አንድ ሰው ስትሮክ መትቶት የተኛ እንደ ሆነ፣ ከዘመድ እስከ ጎረቤት፣ ከንስሐ አባቱ እስከ ዕድሩ ዳኛ ሊጠይቀው የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው እጁ ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ፣ እግሩ መሬት ይረግጥ እንደ ሆነ፣ አንደበቱም ይፈታ እንደ ሆነ ነው፤ «እንዴት አደሩ?» የሚለው ጥያቄ ግን ለሰላምታ ያህል ይቀርብና፣ ድውዩ «እግዚአብሔር ይመስገን» ካለ በኋላ ሌሊቱን በእርግጥ እንዴት እንዳሳለፈ የሚያጣራ ሰው እምብዛም አይገኝም። ይህ ከክፋት የመጣ ቸልታ አይደለም፤ የዛለ እጅ በቀን ብርሃን ለሁሉ ይታያል፣ የእንቅልፍ መታወክ ግን በሩ ተዘግቶ መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሚሆን ስለ ሆነ ከአስታማሚው በቀር ምስክር የለውም። ሆኖም ስትሮክ ያገኘው ሰው ከወደቀበት የሚነሣው በቀን በሚያደርገው እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በሌሊት በሚያገኘው ዕረፍትም ጭምር ነውና፣ ሌሊቱን ሳይመረምሩ እጅና እግሩን ብቻ ማከም ከደዌው እኩሌታውን ሳይነኩ መተው ነው።

ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪ በኩል የሚመጣው መንገድ የደጋውን ሜዳ ከጨረሰ በኋላ ወደ ጀማ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ቆላውንም ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣና፣ ከ180 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ አምባው ላይ ያደርሳል። በከተማይቱ እናት ሆስፒታል አለ፤ ካርልሃይንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅትም በመርሐቤቴ ለብዙ ዓመታት የልማት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ነገር ግን አገራችን የአንጎልና የነርቭ ስፔሻሊስቶችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ በዚህ ሙያ የተካኑት ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም የሚበዙት የሚገኙት በዋናው ከተማ ነው። በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ለሚኖር ድውይ እንግዲህ የሌሊቱ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ወይም ልጁ ናት።

ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ እያረሱ ደብራቸውን ሲያገለግሉና በየበዓሉ ማኅሌት ሲቆሙ የኖሩ አንድ አዛውንት ግራ ጎናቸው ከዛለ ወራት አልፏል። ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው ከወደቁ በኋላ ነው። አሁን በከዘራና በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ ደጃፍ ይደርሳሉ፤ ንግግራቸውም ቢጎተትም ይሰማል። ጠያቂ ሁሉ «ድነዋል» ይላቸዋል። ባለቤታቸው ግን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ይነቃሉ፤ ዶሮ ሲጮኽም ዓይናቸው እንደ ተገለጠ ነው» አሉ። «ሰዓታት መቆም ስለ ለመዱ ነው እንጂ ሕመም አይደለም ብለን ዝም አልን። ቀን ግን ጠያቂው እያነጋገራቸው ጭልጥ ይላሉ። እንግዳው ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ።»

ልጃቸው ደግሞ ሌላ ነገር አስተውላለች። በአባቷ ራስጌ በኩል አንጥፋ ስለምታድር፣ ሲያንኮራፉ ድምፁ በድንገት መቋረጡን፣ ደረታቸው እየተንቀሳቀሰ አየር ግን አለመግባቱን፣ ከዚያም እንደ ታነቀ ሰው ትንፋሻቸውን በኃይል ስበው መባነናቸውን ታያለች። ጸጥታው ሲጀምር እርስዋም በልቧ አቡነ ዘበሰማያት ትጀምራለች፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ እኩሌታው፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ፍጻሜው እስክትቃረብ አባቷ አይተነፍሱም። «ለእናቴ አልነገርኋትም፤ እንቅልፍ አጥታ እንዳታድር ብዬ» አለችኝ።

ይህች ልጅ በጸሎት የለካችው ነገር በሕክምና በሚገባ የታወቀ ነው። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ሲቋረጥ፣ ይህም በሰዓት ውስጥ እየተደጋገመ ሲመጣ፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ይባላል፤ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎችም ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ይህ ችግር ተገኝቶባቸዋል። መንሥኤው ሁለት ወገን ነው። የጉሮሮና የምላስ ጡንቻዎች በስትሮኩ ምክንያት ሲደክሙ፣ ሰውየው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ይህ የሚበዛው ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው የትንፋሽን ሥርዓት በሚያዝዘው በአንጎል ግንድ ላይ ሲሆን፣ መንገዱ ክፍት ሳለ ትእዛዙ ራሱ ይቋረጣል። በሁለቱም መንገድ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ይደነግጣል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይዘላል፣ አንጎልም ከጥልቅ እንቅልፍ ተገፍቶ ይወጣል፤ ድውዩ ግን ይህን ሁሉ ጠዋት አያስታውሰውም፤ የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመውና ቀኑን ሙሉ እንደሚያንጎላጀው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የትንፋሽ መቆራረጥ የስትሮክ ውጤት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞም መንሥኤው ሊሆን መቻሉ ነው፤ ግፊትን ሌሊት ሌሊት እያናረ ለዓመታት ከኖረ በኋላ ስትሮክን የሚያመጣ፣ ስትሮኩም ከመጣ በኋላ ይብስ የሚበረታ ደዌ ነውና።

አንጎል እንቅልፍን የሚያዝዘው ከአንድ ስፍራ አይደለም። በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ስለ አንቀላፊው የአንጎል ብግነት በጻፈ ጊዜና ከዚያም በኋላ የሟቾቹን አንጎል በመረመረ ጊዜ፣ ሃይፖታላመስ ከተባለው ክፍል የኋለኛው ወገን የተጎዳባቸው ሰዎች ቀንና ሌሊት ሲያንቀላፉ የኖሩ፣ የፊተኛው ወገን የተጎዳባቸው ደግሞ እንቅልፍ አጥተው የተሠቃዩ ሆነው አገኛቸው። በ1949 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጁሴፔ ሞሩትሲና ሆራስ ማጉን ከአንጎል ግንድ ወደ ላይ የሚወጣ የማንቂያ መረብ መኖሩን አሳዩ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያወቀ ሰው ስትሮክ ለምን እንቅልፍን እንደሚያናጋ ለመረዳት አይቸገርም፤ የደም ሥር ተዘግቶም ሆነ ፈንድቶ ጉዳት ያደረሰው በዚያ መረብ ላይ፣ ወይም መረቡ በሚያልፍበት በታላመስ ላይ ከሆነ፣ ድውዩ በቀን አሥራ አምስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ቢተኛ የማይጠግብ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤተ ሰቡ «ሰነፈ» ወይም «ተስፋ ቆረጠ» ብሎ ሲወቅሰው ሰምቻለሁ፤ ይህ ወቀሳ በአንካሳ ላይ ለምን አልሮጥህም ብሎ ከመቈጣት አይለይም፤ የተጎዳው የመንቃት ብልቱ ነውና።

የአዛውንቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መንቃት ግን ሌላ ምክንያትም ነበረው፤ ምሥጢሩም የተገኘው የቤቱን ሥርዓት በዝርዝር በመጠየቅ ነው። ልትጎበኛቸው የመጣችው ነርስ ስለ እጃቸው ከመጠየቋ በፊት ወደ ባለቤታቸው ዞር ብላ «እማማ፣ አባባን በስንት ሰዓት ነው የምታስተኟቸው?» አለች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መሆኑ ተነገራት፤ ድውይ ናቸውና ቶሎ እንዲያርፉ ይደረጋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት የተኛ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢነቃ ሰባት ሰዓት ሞልቶለታል፤ ለሽማግሌ ከዚህ የሚበልጥ እንቅልፍ ከተፈጥሮም አይጠበቅም። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ሰዓት ጨለማ ግን ለድውዩ የትካዜ ጊዜ ይሆንበታል፤ የእርሻው ነገር፣ የልጆቹ ነገር፣ የሞት ነገር ይመጣበታል።

ሁለተኛው ጥያቄዋ ስለ መድኃኒቱ ነበረ። አዛውንቱ ለግፊት ከሚወስዱት አንዱ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲሆን፣ እንዲወስዱት የታዘዘውም ጠዋት ነበረ። ነገር ግን ጾም ነው፤ እሳቸውም ምግብ የሚቀምሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፣ «መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም» ተብሎ ክኒኑ ወደ ማታ ተላልፎ ነበር። የዚህ መድኃኒት ሥራ ለብዙ ሰዓታት የሚቆይ ነውና ሌሊቱን ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ፤ በእያንዳንዱም ጊዜ አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ልጃቸውን ቀስቅሰው በጨለማ ወደ ደጅ ይወጣሉ። ነርሷ ክኒኑን ወደ ጠዋት መለሰችው፤ ስለ ጾሙም ንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነገረቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ድውይን በሕጓ የምታሳርፍ እናት ናትና።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ነው። አዛውንቱ የተኙበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ፣ በሩም ላይ ጋቢ ተጋርዶ በቀትርም ጨለማ ነበረ፤ ምክንያቱ ምች እንዳይመታቸው፣ ንፋስም እንዳያገኛቸው ነው። ይህን ልማድ በንቀት ማየት አይገባም፤ የወለደው ፍቅርና ጥንቃቄ ነው። ዳሩ ግን በአንጎላችን ውስጥ ቀንን ከሌሊት የሚለየው ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ ሰዓቱን የሚያቀናው በዓይን በሚገባው የጠዋት ብርሃን ነውና፣ ብርሃን የተከለከለ ድውይ ቀኑ ከሌሊቱ ይደባለቅበታል፤ ማታ ሲጨልም ወደ ደም የሚፈሰው የእንቅልፍ ቅመም ሜላቶኒንም ጊዜውን ይስታል። ነርሷ ከባለቤቲቱ ጋር አልተከራከረችም። «ምች የሚያስፈራው የቀትር ፀሐይ አይደለም ወይ እማማ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም «እንዴታ» አሉ። «እንግዲያስ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ይቀመጡ» አለች። በዚህ ተስማሙ።

ከእነዚህ ሌላ እንቅልፍ የሚነሡ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መዘርዘር አንባቢን ማድከም ነው። የዛለው ትከሻ በሌሊት ይጠዘጥዛል፤ የገተረ ጡንቻ ይሸመቃል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሢሶ የሚሆኑትን ጽኑ ትካዜ ይይዛቸዋል፤ የዚህም የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ መቅረት ነው። አንዳንዱን ማታ ሲጋደም እግሩን የማያሳርፍ ውርርት ይይዘዋል፤ ለዚህ በደም ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ማነስ አንዱ መንሥኤ ስለ ሆነ ደም ማስመርመር ይገባል። ስለ ቡና ግን አንድ ቃል ልጨምር፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ማታ ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲፈላ ድውዩም አብሮ ይጠጣል፣ ካፌይንም ከጠጡት ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ እኩሌታው በሰውነት ውስጥ አለ። ቡናውን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ማድረግ የጠያቂውንም ክብር አይነካም።

የአስታማሚውስ ነገር? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፣ በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንጎለላ የተወለዱት ንጉሠ ነገሥት፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ብርቱ ስትሮክ መትቷቸው ሰውነታቸው ከዛለና አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ኖረዋል። እቴጌ ጣይቱም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ውሳኔ ከመንግሥት ሥራ ተለይተው ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲጠብቁ ተደረገ። የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን እንደ ውርደት ይጽፉታል፤ በሥልጣን ነገር እውነት ነው። እኔ ግን በዓለም ከተማ ያየኋቸውን እናትና ልጅ ሳስብ፣ ስትሮክ የመታውን ሰው ዓመታት ማስታመም ከቤተ መንግሥት ሸክም ያነሰ ሸክም ነው ለማለት አልደፍርም። አስታማሚው እንቅልፍ ሲያጣ ድውዩም ይጎዳል፤ መድኃኒቱ ሰዓቱን ይስታል፣ ትዕግሥት ያልቃል። ስለዚህ ሌሊቱን በተራ መጠበቅ፣ ተረኛ ያልሆነውም በሌላ ክፍል መተኛት የሕክምናው ክፍል ነው፤ ዕድርና ማኅበርም ከዳቦና ከጠላ ይልቅ አንድ ሌሊት የሚያድር ሰው ቢልኩ የበለጠ በረዱ ነበር።

ድውዩ የሚያገግምበት መንገድ እስከዚህ በተነገረው ውስጥ በከፊል ተገልጿል፤ ዋናው መሠረቱ ግን ሥርዓተ ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀንና ሌሊቱን ከነግህ እስከ ሠርክ፣ ከንዋም እስከ መንፈቀ ሌሊት ለጸሎት ከፍላ በየሰዓቱ ሥራ እንደ ሰጠችው፣ ለድውዩም እንዲሁ የመነሣት፣ የመብላት፣ እጅና እግርን የማሠራት፣ የማረፍ ሰዓት ሊወሰንለት ይገባል። ለእኚህ አዛውንት የተመረጠላቸው የመነሻ ምልክት የኪዳን ደወል ነው፤ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ደወሉ ሲሰማ ይነሣሉ። የቀኑ እንቅልፍ ከምሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ሆነ፤ ወደ መኝታ የሚሄዱትም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አይደለም፤ እስከዚያ ልጃቸው ዳዊት ታነብላቸዋለች፣ እሳቸውም የሚጎተት አንደበታቸውን እያፍታቱ ይከተሏታል። በሌሊት ነቅተው እንቅልፍ እንቢ ካላቸው፣ በመኝታቸው ላይ ከሚገላበጡ ተነሥተው በወንበር ይቀመጣሉ፤ እንቅልፋቸው ሲመጣ ይመለሳሉ። ይህ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥነ ልቡና ሊቃውንት የተፈተነና ለእንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት አስቀድሞ የሚመከር ዘዴ ነው።

ስለ ትንፋሹ ደግሞ የተሰጠው ምክር በጎን ማስተኛት ነው። ነርሷ ቡልኮ አጥፋ ከጀርባቸው በኩል እንደ ግድግዳ አስደገፈቻቸው፤ ራስጌውን በትራስ ከፍ አደረገች፤ የዛለው ክንድ እንዳይጨፈለቅና ትከሻው እንዳይወልቅ ሌላ ትራስ ከፊታቸው አድርጋ እጃቸውን በላዩ ዘረጋችው፤ ልጅቱም ራሷ ደግማ እንድትሠራው አደረገቻት። በጀርባ መተኛት የቀረለት ብዙ ሰው የትንፋሹ መቆራረጥ ይቀንስለታል፤ ለጽኑው ግን ይህ አይበቃም። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሳሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ በአፍንጫ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ አለ፤ ዋጋውና የመብራቱ ነገር ግን ለዚህ አካባቢ ከባድ ነው። ስለ መሣሪያው እውነቱን መናገር ይገባል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ፣ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም የነበረባቸው 2,717 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ መሣሪያው አዲስ ስትሮክንና የልብ ሕመምን ሲከላከል አልታየም፤ ሰዎቹ በአማካይ የተጠቀሙበት በሌሊት ለ3.3 ሰዓት ብቻ ነበረ። ማንኮራፋትንና የቀን ማንጎላጀትን ግን ቀንሷል፣ ስሜታቸውንም አሻሽሏል፤ ቀን ነቅቶ እጁን ማሠራት ለሚገባው ድውይ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የቀኑ ልምምድና የሌሊቱ ዕረፍት የተያያዙ ናቸውና። እጅ ዛሬ የተማረውን እንቅስቃሴ አንጎል የሚያጸናው በተከታዩ ሌሊት ነው፤ ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎችም ከተለማመዱ በኋላ ሲተኙ ትምህርቱ እንደሚሻሻልላቸው በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየውን ቤተ ሰቡ ጠዋት ሲያሠራው፣ ማታ ደግሞ እንቅልፉን ሲጠብቅለት፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ እንቅልፍ ክኒን ነው። «እንቅልፍ እንቢ አላቸው» ብሎ ከመድኃኒት መደብር ዲያዜፓም ገዝቶ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ መድኃኒት የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላል፣ ትንፋሽን ያደክማል፣ ሌሊት ለሽንት የተነሣን ድውይ ይጥላል፣ አእምሮንም ያደናግራል። አሚትሪፕቲሊን የተባለውም ለትካዜና ለነርቭ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ይጠቅማል፤ ሽንትን የመያዝና የልብን ምት የማወክ ጠባይ ስላለው ግን ጎረቤት ለጎረቤት የሚያውሰው መድኃኒት አይደለም። ማታ «ለእንቅልፍ» ተብሎ የሚሰጠው ጠላና አረቄም በዚሁ ይቆጠራል፤ ቶሎ ያስተኛል፣ የትንፋሹን መቆራረጥ ያብሳል፣ በመንፈቀ ሌሊትም ያነቃል። ጠበል ለሚወስዱትም ካህናቱ የግፊቱ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ቢነግሩልን፣ ቃላቸው ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል።

ነርሷ ከመሄዷ በፊት ለልጅቱ አንድ የተማሪ ደብተር እንድታዘጋጅ ነገረቻት፤ አባቷ የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት፣ ለሽንት የተነሡበትን ብዛት፣ ትንፋሻቸው የተቋረጠበትን ሌሊት እየጻፈች በቀጠሮው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዛው እንድትመጣ፤ ሐኪሙ አይቶ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ እንዳለባቸው የሚወስነው በዚያ ነውና። ልጅቱም «ሌሊቱን በሙሉ ተኝተው ካደሩስ ምን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ ይህን በጥንቃቄ መለሰችላት፤ ቀስ በቀስ እየረዘመ የመጣ እንቅልፍ በጎ ነው፤ ነገር ግን ትናንት ይነቁ የነበሩ ሰው በድንገት የማይነቃ እንቅልፍ ቢወስዳቸው፣ ሲጠሯቸው ባይመልሱ፣ አፋቸው አዲስ ቢጣመም ወይም ደኅናው እጃቸው ቢዝል፣ «ዕረፍት አገኙ» ብሎ ዝም ማለት አይገባም፤ ሁለተኛ ስትሮክ ወይም የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላልና፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው አለቻት። ልጅቱም የደብተሯን የመጀመሪያ ገጽ ገልጣ ይህንኑ ጻፈችው፤ ከበታቹም መኪና ያለውን የጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር አሰፈረች።